ነፃ የትምህርት ዕድል በዋግ ኽምራ

ነፃ የትምህርት ዕድል (በተለምዶ ስኮላርሺፕ) አንድ ተማሪ የትምህርት ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ሳይከፍል እንዲማር መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ግለሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ይህ መጣጥፍ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በዋና ከተማዋ ሰቆጣና በዙሪያዋ ላሉ ተማሪዎች ክፍት የሆኑ የአገር ውስጥና የውጭ ዕድሎችን፣ አሠራራቸውንና ታሪካቸውን ይገልጻል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ውድድሩ ቢሆንም ከሩቅ አካባቢ የሚመጣ ተማሪን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ከውድድሩ በፊት ያለው ነገር ነው። ይህም ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕት፣ የቋንቋ ፈተና፣ ኢንተርኔትና የመንገድ ገንዘብ ነው።

ቃላቱና ልዩነታቸው

«ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል በአማርኛ ንግግር ለብዙ ዓይነት ድጋፍ ይውላል። ልዩነታቸውን ማወቅ ግን ጠቃሚ ነው፤ እያንዳንዱ የተለየ ግዴታ አለውና።

ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚባለው የትምህርት ክፍያን፣ መኖሪያን፣ የወር ገንዘብን (ስታይፔንድ)፣ የጤና መድንንና ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬትን ይሸፍናል። ከፊል ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ወይም ከእርሱ የተወሰነውን ይቀንሳል። ተማሪው በውጭ አገር የሚበላበትንና የሚያድርበትን ራሱ መክፈል ካልቻለ ከፊል ስኮላርሺፕ ማግኘቱ ብቻውን ለቪዛ አያበቃውም።

ፌሎውሺፕ አብዛኛውን ጊዜ ለተመረቁ፣ ለተመራማሪዎች ወይም በሥራ ላይ ላሉ ወጣቶች የሚሰጥ ነው። ዲግሪ ላያስገኝ ይችላል፤ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ዓመታት የሚቆይ ሥልጠና፣ ጥናት ወይም የሥራ ልምድ ነው።

የትምህርት ብድር ደግሞ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለው «ወጪ መጋራት» በተግባር የዚህ ዓይነት ነው። ብዙ ተማሪዎች በነፃ እንደተማሩ ቢያስቡም ሲገቡ የፈረሙት ውል የዕዳ ውል ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ዋግ ኽምራ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኝ፣ ከሰቆጣ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ የሚዘልቅ ተራራማ አካባቢ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ሕዝብ ከአገው ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኽምራ ሕዝብ ሲሆን ከአማርኛ ጋር ኽምጣና ይናገራል። ስለዚህ ከአምደወርቅ ወይም ከጽጽቃ አካባቢ ገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ በቤቱ ኽምጣና፣ በገበያና በቢሮ አማርኛ፣ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ደግሞ እንግሊዝኛ እየተጠቀመ ነው የሚማረው።

አብዛኛው ነዋሪ በዝናብ ላይ የተመሠረተ እርሻና ከብት እርባታ ይተዳደራል። አፈሩ የተሸረሸረ፣ ዝናቡም የማይታመን ስለሆነ የምግብ እጥረት በተደጋጋሚ ይከሰታል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከሚደርስባቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ኽምራ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናት መቀንጨርን ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በዚችው ከተማ ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲያዳርስ ትምህርት ተቋርጧል፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በሰቆጣ ተጠልለው ቆይተዋል። በዚያ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ከሌላው አካባቢ እኩዮቻቸው ጋር ለአንድ ዓይነት ፈተና ሲቀርቡ የተማሩበት ጊዜ ግን እኩል አልነበረም።

ሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ግን ወደ ወልድያ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም ከዚያም ርቆ በትምህርት ሚኒስቴር ወደተመደበበት ይሄዳል። ለእነዚህ ተማሪዎች ዕድሉ ከቤት መውጣትንም ይጨምራል ማለት ነው።

ታሪክ

ተማሪን በማኅበረሰብ ድጋፍ ማስተማር በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚማር የቆሎ ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ ይዞ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ምግብ ይለምን ነበር። መንደርተኛው ለማያውቀው ልጅ ቁራሽ የሚሰጠው ትምህርቱን እንዲቀጥል ነው። መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ግን ውኃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀምና ታናናሾቹን በማስጠናት ያገለግላል። ድጋፉም አገልግሎቱም አብረው የሚሄዱበት ይህ ሥርዓት በመሠረቱ የስኮላርሺፕ ሥርዓት ነው።

ወደ ውጭ አገር ተማሪ መላክ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ተጀመረ። በወጣትነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን አርቅቀዋል። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ ተማሪዎች ወደ ግብፅ፣ ሊባኖስ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ተልከዋል። ከመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት መላኩ በያን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆነዋል። በዚያ ዘመን ለመመረጥ ዋናው መንገድ ለቤተ መንግሥት ወይም ለሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅርብ መሆን ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ተማሪዎች ያለ ክፍያ ይማሩ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ ዘመን ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ሰጪም ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥታለች። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ ያገለገሉት በመምህርነት ነው።

በደርግ ዘመን በብዛት የሚገኘው ዕድል ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ኩባና ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች ሆነ። ለዚህ ዕድል የተመረጠ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት የአገሩን ቋንቋ ተምሮ ወደ ዋናው ትምህርት ይገባ ነበር። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በብዙ የመንግሥት ስኮላርሺፖች ላይ ይታያል።

በአገር ውስጥ ያሉ ዕድሎች

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና ወጪ መጋራት

ለአብዛኛው የዋግ ኽምራ ተማሪ ትልቁ የትምህርት ዕድል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። ተማሪው ሲመዘገብ ገንዘብ ሳይከፍል ትምህርት፣ ምግብና ማደሪያ ያገኛል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን ተማሪው የምግብና የማደሪያ ወጪውን እንዲሁም ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ለመመለስ ይፈርማል። ክፍያው ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚከናወን ነው። እንደ መምህርነት ባሉ አንዳንድ የሙያ መስኮች ዕዳውን በአገልግሎት መመለስ ይቻላል።

ወደዚህ ዕድል የሚያስገባው በር ባለፉት ዓመታት ጠብቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት ማለፊያውን ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። ማለፊያውን ካላገኙት መካከል የተወሰኑት የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ትምህርት ወስደው እንደገና ይመዘናሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ ስለማይሰጠው ለሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ማመልከት አይችልም። በአገር ውስጥ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለመማርም ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ጋት) ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበሉት በራሳቸው መግቢያ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች መማር የሚፈልግ ተማሪ ከ12ኛ ክፍል ውጤቱ በተጨማሪ የምዝገባ ማስታወቂያቸውን መከታተል አለበት።

የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ

የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ሲሆን ችሎታ እያላቸው አቅም ያነሳቸውን አፍሪካውያን ወጣቶች ይደግፋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው ፕሮግራም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሯል፤ ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ትኩረት ይሰጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ከውጤት ጋር የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታና የአመልካቹን የማኅበረሰብ አገልግሎት ስለሚያዩ ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ተማሪ በውጤት ብቻ ከሚወዳደሩት የተሻለ በር ሊሆኑ ይችላሉ።

በሥራ ላይ ሆኖ መማር

ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተመራቂዎችን በረዳት ምሩቅነት ቀጥረው ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። የወረዳ፣ የዞንና የክልል መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸውን ለትምህርት ይልካሉ። በሁለቱም መንገድ ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ዋስ ያቀርባል፤ ሲመለስም በውሉ ለተወሰነው ጊዜ ያገለግላል። ውሉን ካፈረሰ ወጪውን ራሱ ወይም ዋሱ ይከፍላል። ስለዚህ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ምን እንደሚፈርም አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ወደ ውጭ አገር የሚያስኬዱ ዕድሎች

የውጭ ስኮላርሺፖችን ለመለየት የሚጠቅመው ዋና ጥያቄ የሚያስተምሩት በምን ቋንቋ እንደሆነና ማመልከቻው የሚገባው ለማን እንደሆነ ነው።

አንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት የሚሰጡት የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ለሌለው ተማሪ ይቀርባሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ (ቱርኪዬ ቡርስላሪ) ለመጀመሪያ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ክፍት ይሆናል። አመልካቹ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ከ30፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ከ35 ዓመት በታች መሆን አለበት። ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ 75 በመቶ፣ ለሕክምና መስኮች ደግሞ 90 በመቶ ውጤት ይጠየቃል። የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕም ከአንድ ዓመት የኮሪያ ቋንቋ ትምህርት ጋር ይመጣል። በኮሪያ ጦርነት ለዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆችም የተለዩ ዕድሎች ይሰጣሉ። የቻይና፣ የሩሲያና የጃፓን መንግሥታት ስኮላርሺፖችም የቋንቋ ዓመት ያላቸው ፕሮግራሞች አሏቸው። የጃፓኑ ማመልከቻ የሚገባው አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ በኩል ነው።

በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ሌላው ወገን ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ኤራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስ ተማሪውን ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚያስተምር ሲሆን ስኮላርሺፕ ላገኙት በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሲሆን የሁለት ዓመት (2,800 ሰዓት) የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ገና ለተመረቀ ተማሪ አይሆንም፤ ሥራ እንደጀመረ ግን ሊያስብበት ይችላል። የአሜሪካው ፉልብራይት እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረ ሲሆን ለኢትዮጵያውያን የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል። የጀርመኑ ዳአድ በጀርመንና በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ ድጋፍ ያደርጋል።

የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ሁለት በር አለው። ተማሪው በፕሮግራሙ ድረ ገጽ ያመለክታል፤ የአገሩ መንግሥት ደግሞ ስሙን አጭቶ ይልካል። በአንዱ በር ብቻ ያንኳኳ ውድድር ውስጥ አይገባም።

በአፍሪካ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ተቋሞቹ በኬንያ (መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ፈጠራ)፣ በናይጄሪያ (የሕይወትና የምድር ሳይንስ)፣ በካሜሩን (አስተዳደርና ማኅበራዊ ሳይንስ) እና በአልጄሪያ (ውኃና ኢነርጂ) ይገኛሉ። ደረቅ መሬት፣ ውኃና የአፈር ጥበቃ የዋግ ኽምራ ዋና ጉዳዮች ስለሆኑ በእነዚህ መስኮች የሚያመለክት የአካባቢው ተማሪ የሚጽፈውን የዓላማ ደብዳቤ ከሚያውቀው ኑሮ መጀመር ይችላል።

የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያውያንን አይመለከትም፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችምና። ስሙ በየቴሌግራም ቻናሉ ስለሚዘዋወር ብዙ ተማሪ ጊዜውን ያባክንበታል።

ፌሎውሺፖችና ከቤት ሆኖ የሚሠሩ

እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎውሺፕ ከ25 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ለስድስት ሳምንታት ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲወስድ ቆይቷል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በሰጪው አገር በጀት ላይ ይመሠረታሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ሲዘጋ በእርሱ ገንዘብ የሚካሄዱ ብዙ ሥልጠናዎችም ቆመዋል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም።

ኮምፒውተር ነክ ትምህርት ለሚያጠኑ ጉዞ የማይጠይቁ ዕድሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የጉግል «ሰመር ኦፍ ኮድ» ነፃ ሶፍትዌር ላይ ለሚሠሩ ጀማሪዎች ክፍያ ይሰጣል። «አውትሪቺ» የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በቴክኖሎጂው ዘርፍ ውክልናቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች ለሦስት ወር ሥራ 7,000 የአሜሪካ ዶላር ይከፍላል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ነፃ የኦንላይን ትምህርትና የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሁሉም ፓስፖርትና ቪዛ ባይጠይቁም የማይቋረጥ ኢንተርኔትና ኮምፒውተር ይፈልጋሉ።

ከማመልከቻው በፊት ያለው ወጪ

«የማመልከቻ ክፍያ የለውም» የሚል ስኮላርሺፕም ቢሆን ማመልከቻውን ለማሟላት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ፓስፖርት፦ የመደበኛ ፓስፖርት ዋጋ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል። ማመልከቻው በኦንላይን ቢሞላም አሻራና ፎቶ ለመስጠት በአካል መቅረብ ያስፈልጋል። ከዋግ ኽምራ የሚነሣ ተማሪ ለዚህ ለምሳሌ ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል፤ የመንገድና የአልጋ ወጪም ይጨመርበታል። አንዳንድ ስኮላርሺፖች በማመልከቻው ጊዜ በፓስፖርት ፋንታ መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ስለሚቀበሉ መስፈርቱን አንብቦ ወጪውን ማዘግየት ይቻላል።

ትራንስክሪፕትና ዲግሪ፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊውን ትራንስክሪፕት የሚሰጡት የወጪ መጋራት ዕዳው ሲከፈል ነው። እስከዚያ ተመራቂው የሚይዘው ጊዜያዊ ዲግሪ (ቴምፖ) እና የተማሪ ቅጂ (ስቱደንት ኮፒ) ነው። ሥራ ያላገኘ ተመራቂ ዕዳውን መክፈል ስለማይችል የመጀመሪያው የትምህርት ዕድል ለሁለተኛው እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በርካታ የውጭ ስኮላርሺፖች በማመልከቻው ደረጃ ቴምፖና የተማሪ ቅጂ ይቀበላሉ፤ ዋናውን የሚጠይቁት ካለፈ በኋላ ነው። ተማሪው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም አስፈርሞና ማኅተም አስደርጎ፣ ቃኝቶ (ስካን አድርጎ) በኢሜይሉ ቢያስቀምጥ ከሰቆጣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ መጓዝን ያስቀርለታል። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ተማሪውን በሚያስታውስበት ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

የእንግሊዝኛ ፈተና፦ አይኤልትስና ቶፍል የሚሰጡት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ሲሆን ውጤታቸው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። የዱኦሊንጎ ፈተና ከቤት ሆኖ ይወሰዳል፤ ግን ክፍያው በዶላር ነው፤ በመሀል ኢንተርኔት ከተቋረጠም ፈተናው ይበላሻል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ በፈተናው ፋንታ ይቀበላሉ። ይህን ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ይጽፋል።

ኢንተርኔት፦ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በቤተሰቡ ዘንድ የነበረ ተማሪ ማስታወቂያ ማየትም ማመልከትም አይችልም ነበር። ሰነዶችን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ከክልሉ ውጭ ለሚገኝ የሚታመን ዘመድ ወይም ጓደኛ መላክ ለእንዲህ ያለው ጊዜ መጠባበቂያ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ወጪ ስኮላርሺፑ የሚሸፍነው ተማሪው ካለፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ፈጽሞ አይሸፍንም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ፣ ዕድር፣ የተወላጆች ማኅበር ወይም በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ተማሪን ለመርዳት ሲያስብ የፓስፖርት፣ የፈተናና የመንገድ ገንዘብ መስጠቱ በጥቂት ብር ትልቅ ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ነው።

ቀን፣ ሰዓትና ስም

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በእውቀት ማነስ ሳይሆን በአቆጣጠር ስህተት ነው።

የልደት ቀን፦ ጥር 12 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 20 ቀን 2007 ነው። 1999 የሚለውን ሳይቀይር ቢጽፍ በስምንት ዓመት ያረጃል፤ የዕድሜ ገደብ ባለው ስኮላርሺፕ ላይም ሥርዓቱ ሳያየው ይጥለዋል። በልደት ምስክር ወረቀት፣ በፓስፖርትና በማመልከቻው ላይ ያለው ቀን አንድ መሆን አለበት።

ሰዓት፦ «እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፍ ሰዓት» የሚል የመዝጊያ ጊዜ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «ቀትር በዓለም አቀፍ ሰዓት» ከተባለ ግን የሚዘጋው በዚያው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማታ እሞላዋለሁ ብሎ ያቆየ ተማሪ ያመልጠዋል።

ስም፦ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ሲሉ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል። ትክክለኛው በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው መሠረት መሙላት ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የስም አጻጻፍም በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት ካልሆነ በኋላ ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። ይህን ለማስተካከል የሚቀለው ከምረቃ በፊት በሬጅስትራር ቢሮ ነው።

ማጭበርበር

ስኮላርሺፕ በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ደላላ አለ። «ዕድሉን አግኝተሃል፤ ቦታ ለማስያዝ ላክ» የሚል መልእክት የተለመደ ነው። ቱርኪዬ ቡርስላሪ፣ ቺቭኒንግ፣ ኤራስመስ ሙንዱስና የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፖች የማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም። ተማሪው ያላመለከተበት ዕድል ደርሶታል ከተባለ ሐሰት ነው።

የድረ ገጽ አድራሻን ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ያበቃል፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ «ኢዱ ነጥብ ኢቲ» ብሎ። የታወቀው ስም መጀመሪያ ላይ ቢኖርም መጨረሻው ሌላ ከሆነ ገጹ የዚያ ተቋም አይደለም። ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት በቴሌግራም ለማይታወቅ ሰው መላክም አደጋ አለው፤ በሌላ ሰው ሰነድ ብድርና ሲም ካርድ የሚያወጡ አሉና።

ከትምህርቱ በኋላ

አንዳንድ ሙሉ ስኮላርሺፖች የመመለስ ግዴታ አላቸው። ቺቭኒንግ ተመራቂው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ በፉልብራይት የሚሰጠው ቪዛም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለበት። የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች ውልም እንዲሁ ነው። ግዴታው የሚጠይቀው ወደ አገር መመለስን እንጂ ወደ ተወለዱበት ወረዳ መመለስን አይደለም። ስለዚህ ከዋግ ኽምራ የወጣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የአፈር ተመራማሪ ግዴታውን አዲስ አበባ ላይ ሊፈጽም ይችላል።

ይሁንና ሰቆጣ የተማረ ሰው የሚሠራበት ቦታ አላት። የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ በከተማዋ ይገኛሉ። ተመልሶ ያልገባ ተመራቂም ቢሆን ያለፈበትን መንገድ፣ የተጠየቀውን ሰነድና የመዝጊያውን ቀን ጽፎ ለቀድሞ ትምህርት ቤቱ ቢልክ ለሚቀጥለው ተማሪ መንገዱን ያሳጥርለታል። በቆሎ ተማሪው ዘመን ቀዳሚው ተማሪ ተከታዩን ያስጠና እንደነበረው ማለት ነው።